ሽምግልና ሦስተኛ ፎቅ ላይ

ደሴ፤ በሥነ ልቦና አማካሪው በኑርልኝ ክፍል ውስጥ፣ በሰፈራቸው ትዳር በማገናኘት የታወቁት እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

እትዬ አስካለ፦ አልቀመጥም አልኩህ እኮ! ሽማግሌ ነገሩ ሳይሰማለት ተቀምጦ ያውቃል?

ኑርልኝ፦ ሽማግሌ? እትዬ፣ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን። እኔ ለትዳር የደረሰች ልጅ የለችኝም።

እትዬ አስካለ፦ ልጅ ልጠይቅህ መች መጣሁ? ልጅ ልሰጥህ ነው እንጂ።

ኑርልኝ፦ ኧረ ባለትዳር ነኝ!

እትዬ አስካለ፦ እሰይ፣ ትዳርህን ያክብርልህ። ለሚስትነት ማን ሰጠህ? የእህቴን ልጅ እንድታክማት ነው። ማስተዋል ትባላለች፣ አስተማሪ ናት። እናቷ ስታርፍ በሰባት ዓመቷ ተረክቤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ሰው ሳጋባ የሙሽራውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ነው የማስቆጥረው፤ አንተንም ሳላጣራ አልሰጥህም።

ኑርልኝ፦ ይሁን፣ ያጣሩኝ። ግን ያን ሁሉ ደረጃ በእግርዎ ወጥተው...

እትዬ አስካለ፦ ሊፍታችሁ እንደሆነ የሰነፍ አማች ነው፤ ለስሙ አለ፣ ለሥራ የለም።

ኑርልኝ፦ እሱስ እውነት ነው። ማስተዋል ምን ሆና ነው?

እትዬ አስካለ፦ ቁጭ ብላ ትሄዳለች።

ኑርልኝ፦ ቁጭ ብላ?

እትዬ አስካለ፦ አጠገቤ ቁጭ ብላ! ዓይኗ እዚህ ነው፣ እሷ ግን የለችም። ስትመለስ የሆነውን አታውቅም። አንዳንዴ በሷ ፋንታ አንዲት ትንሽ ልጅ ትመጣና በኮልታፋ አፏ ከረሜላ ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ አንዲት ቆፍጣና ትመጣለች፤ አከራያችንን ልክ ልኩን የነገረችው እሷ ናት። የልቤን ልንገርህ፣ እሷንስ ወድጃታለሁ። ...ሳቅክ?

ኑርልኝ፦ በአከራዩ ነው፣ እትዬ። በሷ አልሳቅሁም።

እትዬ አስካለ፦ ተርፈሃል! ሳቅ ነው ልጄን ያስመረራት። የመጀመሪያው ሐኪም የሚያስተኛ ኪኒን ሰጣት፣ ተማሪዎቿ ፊት አንቀላፋች። ሁለተኛው «አግቢ፣ ይለቅሻል» አላት፤ እኔ አጋቢዋ እንኳ ባል መድኃኒት ነው ብዬ አላውቅም! በስልክም ያልደወልንበት የለ፤ አንዷ የካርድ ክፍል ልጅ «ለስንት ሰው ነው ካርድ የማወጣው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሦስተኛው ግን የባሰው ነው፤ ጓደኛውን ጠርቶ «እስቲ ያቺን ትንሿን አምጫትና እንያት» ብሎ ሳቀ። እንደ ሰርከስ!

ኑርልኝ፦ አዝናለሁ። ከልቤ ነው።

እትዬ አስካለ፦ ከዚያ ወዲህ «አክስቴ፣ አንድ ሰው ብቻ ልሞክር። እሱም ከሳቀብኝ ለማንም ሁለተኛ አልናገርም» አለችኝ። ምርጫውን ለኔ ተወችው። አሁን ብሳሳትስ? ልጄ አፏን ዘግታ ልትቀር ነው። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም።

ኑርልኝ፦ ቢፈሩ አይፈረድብዎትም። ይሄ ነገር ስም አለው፤ ከራስ የመነጠል ሕመም እንለዋለን። የሚታወቅ ነው፣ ይታከማልም።

እትዬ አስካለ፦ ጸበል ስንሄድ አባም «ጸሎቱ አይቅር፣ ሐኪምም ፈልጉ» ብለውናል። አንተ እንዲህ ያለ ሰው አክመህ ታውቃለህ?

ኑርልኝ፦ ሁለት ሰዎች።

እትዬ አስካለ፦ ብቻ?

ኑርልኝ፦ ብቻ። ሲቸግረኝ የምጠይቃቸው አስተማሪ አዲስ አበባ አሉኝ።

እትዬ አስካለ፦ ሙሽራ «ሲቸግረኝ አባቴን እጠይቃለሁ» ቢለኝ ጥዬው ነበር የምሄደው።

ኑርልኝ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አይደል የሚባለው?

እትዬ አስካለ፦ አንተማ ጠምጥመህ ጨርሰሃል፣ ግድግዳህ ሁሉ የምስክር ወረቀት ነው። ይሁን፣ አላውቅም የሚል ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። እነዚያ ሁለቱስ ዳኑ?

ኑርልኝ፦ የሰው ጉዳይ ነው፣ አልናገርም።

እትዬ አስካለ፦ ጨዋ ነህ። ማስተዋል የምትልህን ግን ትነግረኛለህ።

ኑርልኝ፦ አልነግርዎትም።

እትዬ አስካለ፦ ላሳደግኋት?

ኑርልኝ፦ ላሳደጓትም። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ፣ ራሷ ካልፈቀደች ከዚህ በር ምንም አይወጣም።

እትዬ አስካለ፦ በል ደህና ዋል! ጉንፋኗን እንኳ ከሷ ቀድሜ የማውቅ ሰው፣ ዛሬ ባዳ ልሁን?

ኑርልኝ፦ ባዳ አላልኩም። ግን ዛሬ ለኔ ያለችውን ነገ ከእርስዎ አፍ ብትሰማው፣ ሁለተኛ ትናገራለች?

እትዬ አስካለ፦ ...አትናገርም። ያ ሳቂታውም ሁሉን በር ላይ ዘርግፎልኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ፊቷን አዞረችብኝ፣ አንጀቴ አረረ። በል ቀጥል፣ ወንበሩንም አቅርበው። ጉልበቴ ነው እንጂ እሺ ማለቴ እንዳይመስልህ!

ኑርልኝ፦ አይመስለኝም። ጠያቂዋም እርስዎ ነዎት።

እትዬ አስካለ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ኑርልኝ፦ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

እትዬ አስካለ፦ ዓመታት! ቤት ይሠራበታል እኮ!

ኑርልኝ፦ መጀመሪያ ስትሄድ መመለሻዋን ነው የምንለማመደው። እግሯ መሬት መርገጡን፣ ያለችበትን ክፍል፣ ዕለቱን። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እትዬ አስካለ፦ በተረት ልትገዛኝ ነው መሰል። ልጅ ሳለች ምን እንደደረሰባት ግን አልጠየቅኸኝም።

ኑርልኝ፦ የሷ ነው። ከፈለገች፣ በፈለገች ጊዜ ራሷ ትናገራለች።

እትዬ አስካለ፦ እንኳንም አልጠየቅኸኝ፣ አላውቀውም። እኔ ቤት ሳትመጣ በፊት ነው። እና እነዚያን፣ ትንሿንና ቆፍጣናዋን፣ እንዴት አድርገህ ነው የምታስወጣቸው?

ኑርልኝ፦ ለምን አስወጣቸዋለሁ?

እትዬ አስካለ፦ እንዴ! ታዲያ ሕክምናው ምኑ ላይ ነው?

ኑርልኝ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕፃን ልጅ ለብቻዋ የማትችለው ነገር ሲደርስባት ነው። የሚያግዛት ስታጣ ራሷን ብዙ አድርጋ ሸክሙን ትከፋፍለዋለች። አንዷ ፍርሃቱን ትይዛለች፣ አንዷ ቁጣውን፤ እሷ ደግሞ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ታዲያ ሸክም ያገዟትን ውጡልኝ ልበላቸው? የኛ ሥራ እርስ በርስ ማስተዋወቅ፣ ማስማማት ነው። ከእርስዎ ሙያ ብዙ አይርቅም።

እትዬ አስካለ፦ ቆይ... ያቺን ትንሿን እኮ «በስመአብ፣ ከልጄ ላይ ውረጂ!» እላት ነበር። የጠየቀችኝ ከረሜላ ነው! ምን ዓይነት ክፉ ሴት ነኝ?

ኑርልኝ፦ ክፉ ቢሆኑ ይሄን ሁሉ ደረጃ አይወጡም። ዳግመኛ ስትመጣ ከረሜላውን ይስጧት።

እትዬ አስካለ፦ በካርቶን እገዛለሁ!

ኑርልኝ፦ አንድ አንድ ይበቃል፣ ጥርስ አለ። አሁን ማስተዋል የት ናት?

እትዬ አስካለ፦ ታች ጁስ ቤት አስቀምጫታለሁ፣ ካልጣምከኝ በዚያው ይዣት ልሄድ። ምን ልዘዝልሽ ስላት «ስፕሪስ ይሁን፣ ለሁላችንም እንዲደርሰን» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ፣ ደስታዬን አትጠይቀኝ።

ኑርልኝ፦ ስፕሪሱን ስትጨርስ ትምጣ፣ እጠብቃታለሁ።

እትዬ አስካለ፦ ልደውልላት። ሃሎ፣ ማስቲ? ...አዎ ልጄ፣ አየሁት። ...የለም፣ አልሳቀም። በአከራያችን ብቻ ነው የሳቀ። ...እሺ፣ እጠይቀዋለሁ። ኑርልኝ፣ ፈርታለች። ደረጃውን ስትጨርስ የትኛዋ ሆና እንደምትደርስ አታውቅም። «ማናችን እንግባ በይው» ትላለች።

ኑርልኝ፦ «ይግቡ» ብሏል በሏት።

እትዬ አስካለ፦ «ይግቡ»? እሷን አንቱ ማለትህ ነው፣ ወይስ ሁሉንም?

ኑርልኝ፦ አማርኛ መች ለየው፣ እትዬ? ይግቡ።