የኔታ የሚጨምሯት ግማሽ ጫማ

የኔታ ቀለመ ወርቅ በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ የቅዳሴውን ሰዓት ለማወቅ ጥላቸውን በጫማቸው ሲለኩ እድላዊት ከፊታቸው ድቅን አለች። ልጅቱ በንፋስ መውጫ ከተማ የአየር ጠባይ ባለሙያ ናት፤ ሳተላይት ከሰማይ ያየውን እየተረጎመች ስለ ዝናብ ለገበሬው ትነግራለች። የኔታ በዚያ ሰሞን እንደ እሷ የጠሉት ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት የላከችውን የዝናብ ወሬ ዐውደ ምሕረት ላይ ያሰሙት እሳቸው ናቸው። ባሏ የሞተባት እኅታቸው ውባለም ይህን ሰምታ፣ ያጨደችውን ገብስ ጤዛው ሳይደርቅ እየተጣደፈች ከመረችው። ዝናቡ ቀረ፤ ክምሩ ግን ከውስጥ ሞቆ ሻገተ። የተረፈው ገብስ አሁን ማሳ ላይ ተኝቷል። እሱም ከተበላሸ ቀለቧ አለቀ ማለት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ወንድሟ እርግጡን ካልነገሯት አልነካውም ብላለች።

"ዛሬ ማታ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? አንዱን ተናገሪ" አሉ የኔታ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ።

"ከዐሥር ሰባት እጁ ወደ መዝነቡ ያደላል፣ የኔታ።"

ያ የሰማይ ዕቃ ባለፈው መዋሸቱ አንሶ አሁን ደግሞ መሐል ሰፋሪ ሆነ ወይ ብለው ተቆጡ። ልጅቱም ይህን ጥያቄ በየደጁ መመለስ ታክቷታል፤ ቢሆንም ታግሣ አስረዳቻቸው። መሣሪያው ዝናቡን አያይም፤ የሚለካው ከምድርና ከደመና የሚወጣውን ሙቀት ነው። የዝናብ ደመና አናቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅዝቃዜ ሲያይ ደመና ይላል። ባለፈው ግን ጉና ላይ ውርጭ አድሮ ምድሩ ራሱ እንደ ደመና ቀዘቀዘበት።

"ጉናን የሚያህል ተራራ ከደመና የማይለይ ዓይን ምን ይረባል?"

"ዓይኑ ራሱን ይፈትናል። ሙቀቱ የታወቀ ሰሌዳ አለው፤ እሱን ያያል፣ ባዶውን ጠፈር ያያል፣ ልኩን ያርማል። ከዚያ በኋላም የምትቀረውን ስሕተት 'ይህን ያህል ልስት እችላለሁ' ብሎ ይናገራል። ባለፈውም ግማሽ በግማሽ ነው ብዬ ነበር የላክሁት።"

የኔታ የመልእክቱን ቃል አስታወሱ። እውነቷን ነው። 'ምናልባት' የሚል ነገር ዐውደ ምሕረት ላይ መናገር ነውር መስሏቸው ቆርጠው ጥለውት፣ 'ይዘንባል' ብለው አውጀው ነበር። ስሕተቱን የሚናገረውን ውሸታም፣ የሚደብቀውን ጨዋ ማለት መቼ እንደምንተው እንጃ።

"እውነት ግማሽ የለውም" አሉ፣ ለመሸነፍ አንገታቸው እሺ ስላላላቸው።

እድላዊት ጥላቸውን አየች። "ጥላው ልኩ ላይ ሲደርስ ደወሉን ያስደውላሉ?"

"የለም፤ ግማሽ ጫማ እስኪጨምር እቆያለሁ።"

"ለምን?"

"መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ የእግሬም አጣጣል አይታመንም። ጾም ያለጊዜው ከሚፈታ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ።

"ታዲያ ጥላዎ ዋሽቶ ነው፣ የኔታ?"

"እንግዲያ እኅቴ ውባለም ማሳ ላይ የቀረ ገብሷን ምን ታድርገው?" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፀሐዩ ጤዛውን አድርቆታልና ዛሬውኑ ሳይመሽ ትከምረው፣ ሸራም ታልብሰው አለች እድላዊት። ባይዘንብ የሚባክነው ላብ ነው፤ ቢዘንብ ግን ቀለቧ ይተርፋል። ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ሰባቱንም ሦስቱንም ሳይቆርጡ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ከዚያም ማሳው ድረስ ወርደው አብረው ከመሩ።

"ግን ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? አንዱን ይንገሩኝ" አለች ውባለም።

"ኤዲያ! ሰባቱንም ሦስቱንም ነግሬሻለሁ፤ አንዱን ቆርጠሽ አታስቀሪ" አሉ የኔታ ተማረው።

ሌሊቱን ጠብታ አልወረደም። ጧት ውባለም እያጉረመረመች ሸራውን ልትገፍፍ ስትል የኔታ እጇን ያዟት።

"ግማሽ ጫማ ታገሺ።"

ረፋዱ ላይ ከእስቴ በኩል ዶፍ መጣ። ሲያባራ ውባለም ሸራውን ገልጣ እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከተተችና ቆየች። አልራሰም፤ አልሞቀምም።