የምሳ ሰዓት ምክር

በጣሊያን ጊዜ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ጣሊያናዊው ሐኪም በምሳ ሰዓት መጥቶ ስለ አበላል ይመክር ጀመር። እኔም በደከመ ድምፅ ተረጎምኩ፦ «መጥናችሁ ብሉ። ቀስ ብላችሁ አኝኩ። ችኮላ ሆድ ያበላሻል።» ሠራተኛው በእንሰት ቅጠል የጠቀለለውን ቆጮ ታቅፎ ያዳምጣል፤ ሰው ቆሞ እየመከረ መጉረስ በአገሩ ነውር ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ እሱ ካልጨረሰ እኛ አንጀምርም። የሥራ መግቢያው ፊሽካ ሊነፋ ነው በልልን» አሉኝ። ነገርኩት። ሐኪሙ ሰዓቱን አየና፣ «እውነት ነው፤ ስለ ማኘክ አንዴ ልድገምላቸውና እጨርሳለሁ» አለ። ደገመ። ፊሽካው ተነፋ።

ሽማግሌው ቆጯቸውን ጉያቸው ከተው አካፋቸውን አነሱ። የእኔም ምሳ እንደታሰረ መሆኑን አይተው፣ «አይዞህ፣ ዛሬስ ሆዳችን አይበላሽም» አሉኝ።