የሰባት ሱቅ አፍንጫ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ተጣልቷል፤ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ወተት ለመግዛት እንኳ ሦስት ጊዜ መቆም አለብኝ። በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሦስተኛውን ዕረፍቴን ያደረግሁት በምግብ ሸቀጥ ሱቁ የጓሮ በር አጠገብ ነበር። እዚያ የሱቁ ባለቤት ባዶ የወተት ሳጥን ገልብጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

እኚህ ሽማግሌ በሰባት ከተማ ሰባት ሱቅ አላቸው። ስማቸውን የሚጠራ ግን የለም፤ «ባለአፍንጫው» ነው የሚባሉት። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ሱቁ ገና በመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሳለ፣ ሟች ባለቤታቸው የተበላሸ ቅቤ ሳያውቁ ሸጠው አንድ ጎረቤት ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጠረጠረ ዕቃ ሁሉ በእሳቸው አፍንጫ እንዲዳኝ ተወሰነ፤ እሳቸው ሳያሸቱት አይሸጥም፣ አይጣልምም። ለአንድ መደርደሪያ ደግ ሥርዓት ነበር። ልጆቻቸው አደጉ፣ ሱቆቹም በዙ፤ አፍንጫው ግን ያው አንድ ነው። ሽማግሌው በየቀኑ አንድ ከተማ ይዞራሉ፤ የተጠረጠረው ሁሉ ተራው እስኪደርስ ሳምንት ሙሉ ጓሮ ይከርማል። ስለ ጓሮው ሽታ ጎረቤቶችን ጠይቁ።

«ደከመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት? ይቀመጡ እባክዎ» አሉና ሌላ ሳጥን ገለበጡልኝ። «ነገ ደግሞ የሁለት ሰዓት መንገድ አለብኝ። ለምን ቢሉ፣ አምስት ሳጥን ጭማቂ ላሸት!»

ይህን ስንባባል ልጃቸው አንድ ጠርሙስ ወተት ይዛ ከውስጥ ወጣች። እኔ ፊደል አስቆጥሬያታለሁ፤ ኋላም የምግብ አያያዝ ትምህርት ተምራ መጥታ ይህን ሱቅ ታስተዳድራለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ ይህን የማሽተት ነገር ዛሬ ቲቸር ፊት እንጨርሰው፤ እኔም ሰለቸኝ። ባለፈው ማክሰኞ እርስዎ ‹ደህና ነው› ያሉትን ወተት ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ መለሰችው። ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሮ ደንበኛችን የሆነችው ሴትዮ! አልተቆጣችም፣ ቃልም አልተናገረች። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ይኸው አልተመለሰችም።»

«ፍሪጇ ደክሞ ይሆናል» አሉ ሽማግሌው።

«የሷን ፍሪጅ ይተዉት። ጠርሙሱ ላይ ቀን ታትሟል፤ የኛ ፍሪጅ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ። ሠራተኞቹ ጠዋትና ከሰዓት ይዩት፤ ቀኑ ያለፈውንም የተበላሸውንም እዚያው ይጣሉ። ሰባት ሱቅ ሙሉ ሰው አንድ ሰው እስኪመጣ ለምን ይጠብቃል?»

«ቀን ያሸታል እንዴ? ፋብሪካው ያሻውን ነው የሚያትመው! እናትሽ ያን ቅቤ ስትሸጥ የተጠቀለለበት ወረቀት እንዴት ንጹሕ ነበር መሰለሽ። ደግሞ ሁሉ እንዳሻው ይጣል ካልን ሰነፉ ደህናውንም ይጥለዋል።»

«የጣለውን ይጻፍ፤ ስሙን ይፈርምበት። ካላመንናቸው ለምን ቀጠርናቸው?»

የሽማግሌው ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ አንዴ ሰው ሊገድል የደረሰ ቅቤ የሸጠ ቤት በወረቀት አይጽናናም። ልጅቱም እውነቷን ነው። ሁለቱም እውነት ይዘው ሲከራከሩ መስማት እንዴት ያደክማል!

ልጅቱ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ፣ አንገቷን ደፍታ አቀበለቻቸው። «እንግዲያው ይህን ይፍረዱ።»

ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው በረጅሙ ሳቡት። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ እሷ አሁንም እንዳቀረቀረች ነው። እኔንም ሊያዩ ሲዞሩ ፊቴን ወደ መንገዱ መልሼ ነበር፤ ኮምጣጣው ሽታ አፍንጫዬን ቆንጥጦኝ።

«ደህና ነው» አሉ። «ይሸጥ።»

ልጅቱ ረትታ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ሁለት ዓመት አለፈው። ያ ጉንፋን ጥሎኝ ከተነሣሁ ወዲህ። ይመለሳል ብዬ ነበር። በየእሑዱ የእናትሽን ሻርፕ ከሣጥን አውጥቼ እሞክራለሁ። ምንም የለውም ልጄ፤ ጨርቅ ብቻ ነው።»

ልጅቱ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ታዲያ ዕቃውን በምን ይዳኙት ነበር?»

«በሠራተኞቹ ፊት። እያሸተትኩ ሰርቄ አያቸዋለሁ፤ ፊታቸው ከተኮማተረ ‹ይጣል› እላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ገበያ ደርቶ ሁሉም ወደ ፊት ሄደው ነበር። ብቻዬን በግምት ፈረድኩ። ዛሬ ደግሞ አንቺ ፊትሽን ደበቅሽኝ።»

«ልፈርድብዎት አይደለም» አልኩ በመጨረሻ፤ «ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰባቱን ሱቅ ዕቃ ሲዳኙ የኖሩት ሠራተኞችዎ ናቸው። አምነዋቸዋል እኮ። አልነገሯቸውም እንጂ።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ፤ ከሳቅ ይልቅ የሸክም ማውረድ ይመስል ነበር። «ሁለት ዓመት በአውቶቡስ ስንገላታ!» አሉ። «በቃ፣ ያልሽውን ሥርዓት ጻፊው። ያሸተተው ራሱ ይጣለው።»

አራት ወር ሆነ። አሁን ቴርሞሜትሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ የተበላሸው በዕለቱ ይወጣል፤ የጣለው ይፈርማል። ሰነፉ ደህናውን ይጥላል የተባለው አልደረሰም፤ እንዲያውም ሠራተኞቹ ስማቸው ከተጣለው አጠገብ መጻፉ ሲያሳፍራቸው የሚበቃውን ያህል ብቻ ማዘዝ ለመዱ። ከጓሮው ዝንቡ ቀነሰ፤ ጎረቤቶችም መስኮት ከፈቱ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊዋ ቤት ድረስ ሄደው እውነቱን ነግረዋታል። ተመልሳለች፤ ወተቱን ግን ባንኮኒው ላይ ከፍታ ሳታሸት አትወስድም። ማንም አይከፋባትም።

ትናንት ጉልበቴን ላሳርፍ በዚያው ጓሮ ጎራ አልኩ። ሽማግሌው ሳጥናቸው ላይ ነበሩ። አንዲት ሠራተኛ የተበላሸ እርጎ በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች፤ እሳቸውን ስታይ እንደ ድሮው ልታቀርብላቸው ፈጠን አለች፤ ከዚያ ትዝ ብሏት ቆመች።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና የቆሻሻውን በርሜል ክዳን ከፍተው ያዙላት።