የዓይን ቆብ ደም አይለካም

ክቡራትና ክቡራን፣ አሰላሙ ዐለይኩም! አካም ጅርቱ!

ለጡረታ ሽኝቴ ድንኳኑን ለተከላችሁ፣ በጉን ላረዳችሁ፣ ይህን የሚያምር ጋቢ ላለበሳችሁኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፤ ገለቶማ። ኃላፊያችን አቶ አብዱሰላም ቅድም «ሲስተር ሀዲጃ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ እንከን አገለገለች» ብለዋል። አመሰግናለሁ፤ ግን ውሸት ነው። እንከን አለብኝ። ዛሬ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

እዚህ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ሥራ ስጀምር የተማርኳት አንድ ዘዴ ነበረች። በገበያ ቀን ወረፋው አስፋልት ይደርሳል። ሴትየዋ «ደከመኝ» ካለች የታችኛውን የዓይን ቆቧን በአውራ ጣት ገልበጥ፣ ነጣ ካለ ደም አንሷታል፣ የብረት ኪኒን፣ ቀጣይ! በፍጥነት እኔን ማን ይችለኝ ነበር?

ነዋልን ታውቋታላችሁ፤ ያቻት፣ ከፊት ተቀምጣለች። ከጨፋ ሮቢት በየሁለት ወሩ እየመጣች «ላፌቱ ና ዹኩባ» ትለኝ ነበር፤ አጥንቴን ያመኛል ማለቷ ነው። እኔ ቆቧን ገልብጬ ኪኒኑን አሸክማታለሁ። «ደም ሲሞላ አጥንትም ይጠነክራል፣ አይዞሽ» እላታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ! አንድ ቀን እንኳ ጣቷን ወግቼ ደሟን አልለካሁም።

በ2001 ዓ.ም. ጄሪካን ስታነሳ እጇ ተሰበረ። ጄሪካኑ ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ደሴ ሆስፒታል ላክኋት። ውጤቱ ሲመጣ ደሟ ሙሉ፣ በሰውነቷ የተከማቸው ብረት ደግሞ ከልክ ያለፈ። ሐኪሙ ስልክ ደወለልኝ። «ሲስተር፣ አጥንት የሚገነቡ ሴሎች አሉ። ብረት ሲበዛባቸው ይጎዳሉ፣ ሥራቸው ይዳከማል» አለኝ።

«ሲያንስስ?» አልኩት።

«ሲያንስም አጥንቱን በደንብ አይሠሩትም።»

ለቤት ምርጊት ጭቃ ያቦካ ሰው ይህን አያጣውም። ውሃ ሲያንሰው አይያያዝም፣ ሲበዛበት ከግድግዳው ይወርዳል። ዕድሜም ሌላ በሽታም ይኖርበት ይሆናል፤ የነዋል ስብራት ሁሉ የብረት ጥፋት ነው አልልም። በእኔ እጅ የገባው ብረት ግን የእኔ ጥፋት ነው። አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ እምቢ አልኩ።

ሳይለካ ኪኒን አልሰጥም! ወረፋው ረዘመ። «ሀዲጃ አበደች» ተባለ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። «ሥራ በማጓተት» ይላል። አዎ፣ አጓተትኩ! ዛሬም ቢሆን አጓትታለሁ!

በደስታ ቀን ይህን ምን አነሳሽው ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ «ሲስተር ከወጣች በኋላ በገበያ ቀን መለካቱ ይቅር፣ ወረፋ እናፍጥን» የተባለው ጆሮዬ ገብቷል። ጡረታ ወጣሁ እንጂ መች ደነቆርኩ? አቶ አብዱሰላም፣ አንገትዎን አይድፉ፤ እርስዎንም እወድዎታለሁ።

ጣት ወግቶ መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የነዋል ቀኝ እጅ ግን እስከ ዛሬ ሊጥ አያቦካም። እሷ ፊት «መለካቱ ይቅር» የሚል ካለ ይነሳና ይናገር።

ማንም አልተነሳም። ጥሩ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ይህን ደብዳቤ ስወጣ የኪኒን ቁም ሳጥኑ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ካስከፋችሁ ቅደዱት። ኪኒኑን ግን ሳትለኩ አትስጡ።

አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃ፣ እጃችሁን የሽፋ፣ የፈውስ እጅ ያድርገው፣ ለከሚሴም ሰላሙን ያውርድ። አሚን በሉ!

በሉ እንግዲህ፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል። ሰኞ ካርድ አውጥቼ እንደ ማንኛዋም ሴት ወረፋ እይዛለሁ። ዓይኔን ገልብጦ ኪኒን የሚሰጠኝ ካለ፣ ደሜን ሳይለካ ከሕመምተኛው ወንበር የሚያስነሳኝ የለም። መውጊያውን አዘጋጁ፤ ጣቴን ይዤ እመጣለሁ።