የአማቴ አውራ ጣት

እኔና ባለቤቴ ከፒያሳ ወደ አፍንጮ በር በታክሲ ስንሄድ፣ ከፊታችን ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል ያለችው ገና በሩ ሳይዘጋ ጀመረች።

«የባሌ አዲሱ ስልክ በእናቱ ጣት ይከፈታል።»

«በማን?»

«በእናቱ! ትናንት እሱ ገላውን ሲታጠብ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አማቴ አውራ ጣታቸውን ጫን ሲያደርጉበት ብልጭ ብሎ ተከፈተላቸው። የራሴን ሠርግ ፎቶ ሊያሳዩኝ!»

«አንቺስ አትከፍቺውም?»

«እኔ ስነካውማ ሌባ እንደነካው ይንቀጠቀጣል።»

«ቦታ ሞልቶበት ይሆናል።»

«የሸጠለት ሰውዬ እኮ አምስት ጣት ይይዛል ብሎታል! ለእኔ አንድ ጣት የሚሆን ቦታ ጠፋ?»

«ኧረ ተይ! አማትሽ ፊደል ስላልቆጠሩ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን መጻፍ ሲያቅታቸው አዝኖላቸው ነው።»

«አየሽ? እሳቸው ማንበብ አይችሉም። እኔ ግን እችላለሁ።»



«ያንቺ ስልክስ በእሱ ጣት ይከፈታል?»

«አይከፈትም! የኔ ምን አለበትና ይከፈትለታል?»

ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ስትዞር፣ ጭኔ ላይ የነበረውን ስልኬን በግንባሩ ደፋሁት።