ሦስት ቅዱሳን፣ አንድ ፋይል

ያን እሑድ የሊጋያ መኪና ባትሪ ባይሞት ኖሮ፣ አንሴልሞ ልጁን የሚያጣበትን ቀን ሳያውቀው ያሳልፈው ነበር።

ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ተበትኗል። የካናዳዋ ዊኒፔግ ብርድ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ገብቷል። አንሴልሞ ፒክአፑን አሙቆ ሊንቀሳቀስ ሲል አንዲት ወጣት ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ መስኮቱን አንኳኳች።

«አጎቴ፣ የባትሪ ኬብል ይኖርዎታል?»

«የመካኒክ መኪና ውስጥ የማይኖር ነገር የለም» አለና ወረደ።

ኬብሉን ከባትሪ ወደ ባትሪ አያያዘና የልጅቷን መኪና ሲመለከት ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ በአንዴ አይነሣም። ሩብ ሰዓት ይሙላ። እኛ ጋ ግቢ፣ እዚህ ቆመሽ በረዶ ትሆኛለሽ።»

ከፊት ወንበር ላይ ኩያ ሰርቫንዶ ተቀምጠዋል። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተረፈውን ፓንሲት የተባለ የአገራቸውን ፓስታ በፎይል ሸፍነው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አንሴልሞ ዘመዳቸው አይደለም፤ ግን እንደ እሳቸው የፊሊፒንሷ ኢሎኢሎ ልጅ ነውና ከመጣ ጀምሮ እንደ ታላቅ ወንድም «ኩያ» እያለ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። ልጅቷንም ያውቋታል። እናቷ ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ ሊጋያ የምትባለው ይህች ልጅ ሕግ ትማራለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ በፊሊፒናውያን ማኅበር ቢሮ ፎርም የሚሞሉ ሰዎችን ታግዛለች።

ሊጋያ ከኋላ ስትገባ የምትቀመጥበት ቦታ አልነበረም። በላስቲክ የታሰሩ ሦስት ፎልደሮች ወንበሩን ይዘውታል። በእያንዳንዱ ላይ የቅዱስ ሥዕል በአግራፍ ተሰክቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ወረቀቴ ነው። የቋሚ ነዋሪነት ጉዳይ።»

«ሦስት ፎልደር?»

«ሦስት ክፍለ ሀገር» አለ አንሴልሞ ኮራ ብሎ። «ማኒቶባን፣ ይኼን ያለንበትን፣ ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ ሰጠሁ። ሳስካችዋንን ለቅድስት ሪታ። አልበርታን ለሕፃኑ ኢየሱስ፤ እዚያ ደመወዙ ወፍራም ነው አሉ።»

«ለሦስቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን ጸልዮአል» ሲሉ ኩያ ሰርቫንዶ መሰከሩ። «ያጓደለው የለም።»

«እያንዳንዱ ፎርም ላይ ‹እዚህ ክፍለ ሀገር ልኖር አስቤአለሁ› ብለው ሞልተዋል?»

«ሞልቻለሁ።»

«ሦስቱም ላይ?»

«የቀደመኝ ጋ እኖራለኋ።»

ሊጋያ ጓንቷን አወለቀች። የምትናደድ ሰው ጓንት አያመቸውም። «ቅዱሳኑ አይቀናኑ ይሆናል፤ የኢሚግሬሽኑ መኮንን ግን ያነባል። አጎቴ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ቤት ሽማግሌ ልከው ሦስት ሴት ልጅ ጠየቁ ማለት ነው። አባቶቹ ደግሞ ይተዋወቃሉ።»

ኩያ ሰርቫንዶ ሳቁ፤ ፓንሲቱ ጉልበታቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። አንሴልሞ አልሳቀም። ሃያ ዓመት ኢሎኢሎ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ደግሞ እዚህ ከባድ መኪና ጠግኗል። የታመመ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ምን እንደ ጎደለው ይናገራል። ወረቀት ፊቱ ሲቀርብ ግን አንዱ መስመር ከሌላው ይደበላለቅበታል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «ጋራዥ ውስጥ ያለው ብየዳ ሠራተኛ አልበርታ ይላል። የሚስቴ እኅት ሳስካችዋን ትላለች። በስልክ ቪዲዮ የማየው ሰውዬ ለዕድሜና ለትምህርት የሚሰጠውን ነጥብ ቁጠር ይላል፤ ቆጠርሁ፣ በልደቴ ቀን ነጥቤ ወረደ። ደግሞ ሌላው ፈረንሳይኛ የቻለ ቶሎ ያልፋል ቢል መጽሐፍ ገዛሁ።»

«ፈረንሳይኛ ጀመሩ?»

«ቦንዡር ላይ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኖቬምበር።»

ይህን የመሰለ ግራ መጋባት የሰነፍ ሰው በሽታ አይደለም። የሚይዘው ትጉሁን ነው፤ የሰማውን ሁሉ ይሠራል፣ የሠራውን ግን አይጨርስም። አንሴልሞ ከሥራ መልስ በየቀኑ አንድ ነገር ይሞላ ነበር። በሩ በበዛ ቁጥር የሚገባበት የቀረበ ይመስለው ነበር።

ሊጋያ የማኒቶባውን ፎልደር ገልጣ ታገላብጥ ጀመር። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት አለ። ዲፕሎማው ተተርጉሟል። መጨረሻ ላይ ለሁለት የታጠፈ ደብዳቤ አገኘች።

«ይኼስ?»

«እሱ ምንም አይደለም» አለ አንሴልሞ። «አንብቤዋለሁ። ‹ይህ ደብዳቤ ዋስትና አይሰጥም› ይላል። ዋስትና የሚሰጠው እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።»

ልጅቷ ደብዳቤውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ቀን ቆጠረች።

«ዋስትና የሚሰጥ ደብዳቤ አይመጣም» አለች ቀስ ብላ። «ይኼ ግብዣ ነው። እስካሁን የሞሉት ‹ፍላጎት አለኝ› የሚለውን ፎርም ብቻ ነው። አሁን ‹ና አመልክት› ብለው ጠሩዎት። የሰጡዎት ስድሳ ቀን ነው። የደረሰዎት ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። የቀረው ዐሥራ ስምንት ቀን።»

«እኔ ያመለከትሁ መስሎኝ! ወረፋ ላይ ነኝ ብዬ...»

«ወረፋ ላይ አይደሉም። ስምዎ ተጠርቶ ቁጭ ብለዋል።»

ልጅቷ ደብዳቤውን ለብቻው ፎልደሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጅ አለዎት?» አለች ሊጋያ።

«ጆቪታ። ከእናቷ ጋር ኢሎኢሎ ናት። በኤፕሪል ሃያ ሁለት ይሞላታል።»

«አይ አጎቴ።»

«ምነው?»

«ሃያ ሁለት ከሞላት በእርስዎ ስም የምትመጣ ልጅ መሆኗ ያበቃል። እንደ ማንኛውም ሰው ለራሷ ታመልክት ይሏታል። በዚህ በክፍለ ሀገሩ መንገድ ግን ዕድሜዋ የሚቆመው ማመልከቻዎ ለክፍለ ሀገሩ በገባበት ቀን ነው። በዚህ ወር ካስገቡ መልሱ ዓመት ቢፈጅም ለእነሱ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ይኼ ግብዣ ካለፈዎት ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ከኤፕሪል በፊት ይመጣል የሚልም ሰው አይመኑ። ሌሎቹ ሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ጠርተዎታል?»

«አልጠሩኝም።»

«ስለዚህ ከሦስት መንገድ አይደለም የሚመርጡት። አንድ መንገድ ነው ያለዎት፤ ሁለቱ ምኞት ናቸው። ምን ጎደለዎት?»

አንሴልሞ መሪውን እያየ መለሰ። «የአሠሪዬ ደብዳቤ። ምን እንደምሠራና ወደፊትም እንደሚያሠራኝ የሚገልጽ።»

«ለምን አልጠየቁትም?»

መልሱን የሰጡት ኩያ ሰርቫንዶ ናቸው። «እኔ ነኝ አትጠይቅ ያልሁት።»

«ለምን?»

«ልጄ፣ አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው። ሰውዬው ይኼንን ልጅ ዓለምን አሻግሮ አምጥቶታል። ሥራ ሰጥቶታል። በመጀመሪያው ክረምት ካፖርት የገዛለት እሱ ነው። አሁን ሄዶ ‹ወረቀት ጻፍልኝ› ሲለው ‹አላምንህም› እንዳለው ይቆጠራል። ውለታ አለ። እፍረት የሚባል ነገርም አለ። ደግ አሠሪ ራሱ ያስታውሳል።»

«ባያስታውስስ?»

«እኔ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ሰፋሁ። በሦስተኛው ዓመት ራሱ ጠራኝ። ክብሬን ጠብቄ ወረቀቴን አገኘሁ።»

«አከብርዎታለሁ» አለች ሊጋያ፤ ድምፅዋ ግን አልለዘበም። «አሠሪዎ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ደግ አልነበረም?»

«በጣም ደግ ነበር።»

«ታዲያ ደግ ሰው ሁለት ዓመት ለምን ዝም አለ? ስለማያውቅ ነው። ካርበሬተር ወይ መርፌ ያውቃል፤ የእኛን ወረቀት አያውቅም። እርስዎ ሲያፍሩ እሱ ምንም የጎደለዎት አይመስለውም። አጎቴ አንሴልሞ፣ ደንበኛ መኪናውን አቁሞ ምን እንደ ሆነበት ሳይነግርዎት ቢሄድ፣ አከበረኝ ይላሉ?»

«እብድ ነው እላለሁ።»

«እንግዲህ።»

ኩያ ሰርቫንዶ የፎይሉን ጠርዝ በጣታቸው ይጫኑ ጀመር። «ቢቆጣውና ቢያባርረውስ? የሥራ ፈቃዱ ከዚያ ጋራዥ ጋር የታሰረ ነው። አምስት ወር ነው የቀረው።»

«ባይጠይቅም አምስት ወር ነው የቀረው» አለች። «ክፍለ ሀገሩ ዕጩ አድርጎ ካቀረበው ግን ፈቃዱን ለማደስ የድጋፍ ደብዳቤ ሊያገኝ ይችላል። አደጋው ያለው ዝም ማለት ላይ ነው። እርስዎ ያኔ ከነቤተሰብዎ ነው የመጡት?»

«ሚስቴና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ተከተሉኝ። ወንዱ ልጄ ኖኖይ ቀረ።» ኩያ ሰርቫንዶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። «ኖኖይ ኢሎኢሎን ይወዳል።»

አንሴልሞ ይህንን ዐረፍተ ነገር ከመጣ ጀምሮ ሰምቶታል። በልደት፣ በፋሲካ፣ ሰው ስለ ልጆቻቸው በጠየቃቸው ቁጥር። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ሊጋያ ትዕግሥት የሌላት ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ታገሠች።

«አይወድም» አሉ ኩያ ሰርቫንዶ በመጨረሻ።

«ምኑን?» አለ አንሴልሞ።

«ኢሎኢሎን። ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። ፎርሜ የገባ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ከዐሥራ አንድ ቀን ሞልቶት ነበር።» ፓንሲቱን አንሥተው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡት። «ዐሥራ አንድ ቀን። አሠሪዬን ከሁለት ሳምንት በፊት ብጠይቀው ኖሮ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው።»

አንሴልሞ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው እንደ መሪ ተከትሏል። ምክራቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም። የተጎዱበትን ነገር ክብር ብለው ስለጠሩት ለሌላው ሲያካፍሉት መልካም መሰላቸው። ከእኛ መካከል ስንቱ እንዲህ እየመከረ ይኖራል!

«ነገ ጠዋት ትጠይቀዋለህ» አሉት ኩያ ሰርቫንዶ። «ሠራተኛው ሳይሰበሰብ። ስለ ልጅህ በማውራት ጀምር፤ ስለ ወረቀት መጨረሻ ላይ ትነግረዋለህ።»

«በወረቀቱ ይጀምሩ» አለች ሊጋያ። «ፈረንጅ መጨረሻውን አይጠብቅም።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ።

«አንድ ነገር» አለች ከመውረዷ በፊት። «እኔ ፈቃድ ያለኝ አማካሪ አይደለሁም። ማክሰኞ ማኅበሩ ቢሮ አንዲት ጠበቃ ጉዳይ በነፃ ታያለች። ሁለቱን ምዝገባ እንዴት እንደሚዘጉና ስለ እነሱም እውነቱን እንዴት እንደሚገልጹ እሷን ይጠይቁ። አይደብቁ። ከዚያ ወዲያ የስልኩን ሰውዬ አይስሙ።»

መኪናዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች።

ሰኞ ጠዋት አንሴልሞ ከሠራተኛው ሁሉ ቀድሞ ጋራዥ ደረሰ። ባለቤቱን ሚስተር ፍሪሰንን መብራት ሲያበራ አገኘው። ያጠናው ንግግር በሙሉ ከአፉ ጠፋ። ደብዳቤውን ብቻ ዘረጋለትና «ዐሥራ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። የአንተ ፊርማ ያስፈልገኛል» አለ።

ሚስተር ፍሪሰን መነጽሩን ፈልጎ አነበበ።

«ወደ አልበርታ ልትሄድ ነው ብለውኝ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ብየዳ ሠራተኛው። ተመዝግቧል አለኝ። ልታሳውቀኝ ያፈርህ መስሎኝ እኔም ዝም አልሁ። በአንተ ቦታ ሰው ላፈላልግ ነበር።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሁለቱ ሰዎች አንዱ አንዱን ላለማሳፈር አንድ ክረምት ሙሉ ዝም ተባብለው ኖረዋል። ደብዳቤው ግን ከምሳ በፊት አለቀ።

ማመልከቻው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ገባ። አንሴልሞ ገና ቋሚ ነዋሪ አልሆነም፤ የሚጠበቅ ብዙ ነገር አለ። ግን አሁን የሚጠብቀውን ያውቀዋል። ጆቪታ በኤፕሪል ልደቷን ስታከብር ሃያ ሁለት ሻማ አበራች፤ በወረቀቱ ላይ ሃያ አንድ ናት። ሁለቱ ምዝገባዎች ተዘግተው ቅድስት ሪታና ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ቤቱ ግድግዳ ተመልሰዋል፤ ፋይሉ ላይ የቀረው ይሁዳ ታዴዎስ ብቻ ነው። የፈረንሳይኛው መጽሐፍ የጋራዡን የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ደግፎ ይዟል።

ኩያ ሰርቫንዶ አሁንም እሑድ እሑድ በአዳራሹ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ሰሞኑን የመጣ ሰው ለምክር ሲቀርባቸው እንደ ድሮው «ታገሥ፣ አሠሪህን አታስቸግር» አይሉም። ከየት መጣህ ብለውም አይጀምሩም። ወንበር ይስቡለትና፣ ገና እጁን ሳይለቁ፣ «የልጅህ ልደት መቼ ነው?» ይሉታል።