የተሰፋው ምዕራፍ

መርፌ ሲጨብጥ የኖረ ሰው መርፌ የማይደርስበት ችግር ያለ አይመስለውም። ልብስ ሰፊው ሽማግሌም እንዲሁ ነበሩ። ቀሚስ ቢቀደድ ይጠግናሉ፣ ሱሪ ቢጠብ ያሰፋሉ፣ የልጅ ልጃቸው የምታነበው መጽሐፍ አሳፋሪ ነገር ከያዘ ደግሞ ያንን ቦታ ጥርቅም አድርገው ይሰፉታል።

ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጥያቄ ከአፏ ስለማይጠፋ ቤተሰቡ «እመት ለምን» ይላታል። ከካቶሊክ አጥቢያቸው፣ ከቁምስናው፣ ቤተ መጻሕፍት ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ወረርሽኝ ስለገባባት ከተማ የተጻፈ ልብ ወለድ ተውሳ ነበር። አያቷ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ሲያነቡ፣ የከተማዋ ቄስ በሽተኞቹን ጥሎ የሚሸሽበት ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ደማቸው ፈላና ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ሰፉት። ጠዋት ልጅቱ ክሩን ስትጎትት እጅ ከፍንጅ ያዟት። እሷ ግን ከማፈር ይልቅ፣ «እዚህ ውስጥ የደበቁብኝን ሳላውቅ ሜሮን አልቀበልም!» ብላ ቁርሷን ሳትነካ ትምህርት ቤት ሄደች። ሜሮን ካቶሊክ ልጆች አደግ ሲሉ የሚቀበሉት የእምነት ማጽኛ ምሥጢር ነው፤ ለእሷ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ሲቃጠሉ ዋሉና፣ መላ ያሉት ነገር በድርብ ክር እንደገና መስፋት ሆነ።

አንዲት ወጣት አስተማሪ ወደ ልብስ መስፊያ ቤታቸው ብቅ ያለችው ይህን ጊዜ ነበር።

«ደህና ዋሉ አባቴ! የዚህ ቦርሳ ዚፕ...» አለችና ዓይኗ ከመጽሐፉ ላይ ተተከለ። «ኧረ የኔ መጽሐፍ! በመርፌ?»

«የቁምስናው ነው እንጂ ምን ያንቺ ይሆናል?»

«የቁምስናውን ቤተ መጻሕፍት የምይዘው እኔ ነኛ!»

ሽማግሌው ደነገጡ። ሆኖም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። «እንግዲያውስ እንኳን መጣሽልኝ! ቁጭ በይ ልጄ። መንጋውን በትኖ የሚፈረጥጥ ቄስ ያለበትን መጽሐፍ፣ ለዚያውም ለካቶሊክ ልጅ፣ ስትሰጪ ምነው እጅሽ አልተያዘ?»

«ታሪክ ነዋ አባቴ። በመከራ ጊዜ የሚሸሽም አለ፣ የሚቆይም አለ።»

«የቆየውን ይጻፉላታ! የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።»

«ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ወንጌላውያኑ ያንን ቦታ ሰፉት?»

መርፌው አየር ላይ ቆመ። «እሱማ... እሱ እኮ ኋላ አምርሮ አልቅሷል።»

«ይህኛውስ ኋላ ምን አደረገ?»

«ሲሸሽ ካየሁት ምን ቀረኝ?»

«ጨርሰው አላነበቡትም!» አስተማሪዋ ከወንበሯ ተነሣች። «አባቴ፣ ሙች ይበሉኝ፣ አሁኑኑ ይፍቱት!»

የብዙዎቻችን ስሕተት ይኸው ነው፤ መጥፎው ነገር ላይ ስንደርስ ዓይናችንን እንጨፍንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግ ነገር ሳናይ እንቀራለን። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸውና፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ክሩን ፈቱ፤ መነጽራቸውን አድርገውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ቄሱ በሦስተኛው ቀን ከወንዝ ዳር ደረሰ። መሻገር አቃተው። ተመልሶ መጣና፣ ሳይሸሽ ከቆየው ከወጣቱ ረዳት ቄስ እግር ሥር ተንበርክኮ ኑዛዜ ገባ፤ ከዚያም የውኃ ባልዲ አንሥቶ ወደ በሽተኞቹ ቤት ገባ። እዚህ ላይ ሽማግሌው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አይ እኔ!» አሉ ጭንቅላታቸውን ይዘው። «ኃጢአቱን እደብቃለሁ ብዬ ንስሐውን ሰፋሁባት!»

ትንሽ ቆይተው ግን ተጠራጠሩ። «ታዲያ ጥንት ጥንት የሚል ሁሉ ይነበብ ልትዪኝ ነው?»

«በፍጹም! እርስዎ መቀስ ከማንሣትዎ በፊት ምን ያደርጋሉ?»

«መለካት ነዋ።»

«እኔም እለካለሁ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተጻፈውን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አላለብስም። ጭካኔን የሚያጣፍጥ፣ ወይም እኛን ለማሞገስ ብሎ የሌላ ሃይማኖት ሰውን አውሬ የሚያደርግ ከሆነ የእኔ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። የዛሬ ልጅ የጥንት ካባ ደርቦ የዛሬን ወሬ ሲያወራም አልወድም፤ የታሪኩ ሰው ጸሎቱም ፍርሃቱም የዘመኑ ይሁን። ደራሲው መጨረሻ ላይ የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ እንደሆነ ከነገረን ደግሞ እሰየው ነው። ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ ነገር ይጎድላል።»

«ምን?»

«አብሯት የሚያነብ ሰው። እሱን ከመደርደሪያ አውርጄ ልሰጣት አልችልም።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው መሆኑን እንኳ ረሱት። የልጇን የደንብ ልብስ ልትወስድ በሩ ላይ የቆመች አንዲት እናት ነበረችና ስብከቱ በእሷ ተጀመረ። «ስሚ እናቴ! ልጅሽ የእውነቱን ታሪክ ከአንቺ ጋር ካነበበች፣ ነገ ከመንገድ ስትሰማው አትደናገጥም! የወደቀ ሰው እንደሚነሣ ታውቃለች! ቅዱሳኑም እንደኛው እየፈሩ የጸኑ መሆናቸው ሲገባት ትወዳቸዋለች! ለሌላው ሰው መከራም ልቧ ይራራል። በዚያ ላይ እኛ ሽማግሎቹም እንማራለን፤ ይኸው እኔ ዛሬ ተምሬያለሁ!» ሴትየዋ ልብሱን ተቀብላ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሰዓት ጠይቃ ሄደች። አስተማሪዋም እየሳቀች ወጣች፤ የዚፑ ነገር ለነገ አደረ።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፉ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «አብረን እናንብበው» አሏት። ሰላምታ አልሰጠቻቸውም፤ ሆኖም ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና እየተቀባበሉ ምዕራፉን ጨረሱት።

«አባባ፣ እግዚአብሔር የእውነት ይቅር ብሎታል?»

«ብሎታል።»

«መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። እርስዎ በምን አወቁ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ደህና ደህና መልስ ሞልቶ ነበር፤ ልጅቱ ግን ዓይናቸውን እያየች ነው።

«እናትሽ ከመወለዷ በፊት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወንድሜ ሞተብኝና እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። ሰባት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩም። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ተመልሼ ኑዛዜ የገባሁ ቀን ካህኑ፣ ‹ስንጠብቅህ ነበር› ብቻ አሉኝ። በዚህ አወቅኩ።»

ልጅቱ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አውርዳ በእጃቸው አስያዘቻቸውና ቀጥ ብላ ቆመች።

«በሉ እንግዲያው ይለኩኝ። የሜሮን ቀሚሴ በሁለት ሳምንት መድረስ አለበት።»

ሽማግሌው ሜትሩን ዘረጉ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው ያዙት።